በሐምሌ ድርቆሽ

ጫልቱ ሚስቴ ናት። ሌንሴ ልጃችን ናት፤ ከሰበታ ስንወጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጉታ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ በአይሱዙ እህልና የከብት ድርቆሽ ያመላልሳል። እኔ ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ፤ የማውቀውን ሁሉ በራሴ አንብቤ ነው የተማርኩት፤ ውሸት አልወድም።

የሌንሴ ቀኝ ዓይን ወደ ውጭ እየተገፋ ሄዶ፣ በመጨረሻ ስትተኛም አልከደን አለ። ሰፈሩ «የሰው ዓይን መትቷት ነው» አለ። ሐኪሙ ግን «ከዓይኗ ጀርባ ዕጢ አለ፤ ብዙ የማይታይ ዓይነት ነው፤ ውጭ አገር ውሰዳት» አለኝ። ዋና ከተማው እኛ ድረስ ይሰፋል ተብሎ ወጣቱ በተቃውሞ መንገድ በዘጋበት በዚያ ኅዳር፣ ያባቴን መሬት ሸጥኩ። ጫልቱ አራስ ስለነበረች ቀረች።

ጎህ ሳይቀድ ጉታ ሌንሴንና እኔን ይዞ ወደ ኤርፖርት ወጣ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። አንድ ወጣት ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራ።

«ይቺ ልጅ ለምን ታፈጥብኛለች?»

«ተኝታለች» አለው ጉታ።

«ዓይኗ ክፍት ነው እኮ።»

«አንዱ ነው። ሁለተኛውን እየው።»

አየና ባትሪውን አጠፋ። ድንጋዩን ካነሱልን በኋላ ወደ ጉታ ጠጋ ብሎ «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ስትመለስ በዚህ አትምጣ» አለው።

የኢስታንቡል ብርድ የሱሉልታን ንፋስ ይመስላል፤ ሽታው ግን የከሰል ነው። ከሰው ዓይን ሸሸ የተባልኩት ሰውዬ፣ ከሰው ዓይን ይጠብቃል ተብሎ በየበሩ ሰማያዊ የመስታወት ዓይን የሚሰቀልበት አገር ገባሁ። አከራያችን ፋትማ ሀኒም፣ ወይዘሮ ፋትማ እንደማለት ነው፣ በአስተርጓሚ አፋጠጠችኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«ሌሊቱን ሙሉ በመስኮት የምታይ ልጅ አለች ይላሉ ጎረቤቶች።»

«ተኝታ ነው።»

«የምትተኛዋ ሌላ፣ የምታየዋ ሌላ ከሆነች የሦስት ሰው ኪራይ ነው።»

የሆስፒታሉ ዶክተር በእርጋታ አስረዳችኝ። «አንዳንዴ በዕጢው ውስጥ ሁለት ክሮሞሶሞች ይሰበሩና የአንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር ይጣበቃል። ይህ ካልተገኘ አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ። ከተገኘ ተስፋው ይጠባል፣ ሕክምናው ይከብዳል።»

«ከእኔ ወርሳው ነው?»

«ከማንም አልወረሰችውም።»

በደለኛ የሌለው በሽታ የባሰ ያስፈራል።

ተገኘ። ለጫልቱ ግን «አልተገኘም» አልኳት። ባገራችን ሽማግሌዎች ሲነጋጋ በር አንኳኩተው ያረዳሉ እንጂ መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጉታን በጠየቅኩ ቁጥር ጫልቱ «ሱሉልታ ድርቆሽ ሊገዛ ሄዷል» ትለኛለች። ስልኩም ጠፍቶበታል አለች። አንድ ማታ ሌንሴ «አባ፣ አጎቴ ለምን ድምፅ የለውም?» አለችኝ። ያ ዓይኗ እኔን ሳይሆን በሩን ያያል።

በሐምሌ ደወልኩ። ከጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል።

«ጉታስ?»

«ድርቆሽ ሊገዛ...»

በሐምሌ፣ ሣር ደጃፍ ላይ ጉልበት በሚደርስበት ወር፣ ድርቆሽ የሚገዛ ሰበታ ውስጥ የለም። ይህን እሷም ታውቃለች።

«ጫልቱ፣ ተገኝቷል» አልኳት።

በሩን ስትዘጋው ሰማሁ።

«ጉታ ያን ለት ከኤርፖርት ሲመለስ በዚያው መንገድ መጣ» አለች። «በጥይት ነው የሞተው። ልጅቷ እስክትድን አንነግርህም ተባባልን።»

ወገኖቼ፣ ስደት ስንት ያስወጣል ትሉኛላችሁ። ሌንሴ አሁንም ሕክምና ላይ ናት፤ ጨረሩ የዚያን ዓይኗን ብርሃን ወስዶታል። ጫልቱ ስምንት ወር ያፈነችውን ለቅሶ ከፈለች። እኔ ያባቴን መሬት፣ አልዋሽም የሚለውን አፌንም። ጉታ ሁሉንም።