ያለእኔ የተቆጠሩ ደረጃዎች

ጓደኛዬና እኔ ናይሮቢ የገባን ሰሞን ኢስትሊ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። ኋላ እሱ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ ወደ ሁርሊንግሃም ሰፈር ሄደ፤ እኔ ኢምባካሲ የካርጎ ሰነድ የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ ከተገናኘን ብዙ ነው።

ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታ ያመጣው እሱ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ነው የተማረው። የማታውቀው ሰው ትንሽ ዕቃ አንድ ቦታ ይደብቅና አድራሻውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። አንተ ስልክህ እየመራህ ሄደህ ትፈልጋለህ። ካገኘኸው ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ስምህን ጽፈህ እንደነበረው ትመልሰዋለህ። በቃ፣ ሽልማት የለውም። ለሁለታችን የመጀመሪያዋን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ መናፈሻ ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ሥር በማግኔት ተለጥፋ። ያን ቀን እንደ ልጅ ነው የሳቅኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜን ሙሉ ለዚሁ ልንሰጠው ተስማማን።

ግራ እግሬን በሁለት ዓመቴ ልምሻ መትቶኛል፤ የምሄደው በክራንች ነው። እኔ ከለመድኩት ቆይቻለሁ። የሚያስታውሱኝ ሌሎች ናቸው። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ስሳፈር አንዱ ሳይቀር "ፖሌ" ይለኛል፤ አዝናለሁ፣ አይዞህ እንደማለት ነው። ቦታ ሊለቁልኝ ይነሳሉ፣ ሳልጠይቃቸው ክንዴን ይይዙኛል። ጓደኛዬ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፖሌ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አንዱ የምወድለት ነገር ይኸው ነው።

ስለ ቅዳሜው በስልክ ስንጻጻፍ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቅኩት። ካሩራ ደን ውስጥ፣ ፏፏቴው አጠገብ የተደበቀች አንዲት ዕቃ አለች፤ ከሁሉ በፊት እሷን አልኩት። እሺ አለኝ፤ የቀረውን ዝርዝር ራሱ እንደሚያዘጋጅም ነገረኝ።

ዝርዝሩ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ስምንት ቦታ ነው። አንደኛው የአንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ፣ ሁለተኛው የነዳጅ ማደያ አጥር፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ መኪና ማቆሚያ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ ዕቃውን ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። የመንገዱ ቁጥር በስምንቱም ላይ አንድ ነበር። አንድ ማለት በዊልቸር የሚደረስበት ማለት ነው። ፏፏቴው ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ደወልኩለትና ፏፏቴውስ አልኩት። ዕቃዋ ጠፍታለች፣ ሰዎች ፈልገው አጥተዋታል አለኝ። አመንኩት። ስምንቱንም ስለ እግሬ ብሎ መምረጡ ከንክኖኝ ነበር፤ ግን እንዳጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከሥራ ወጥቼ ማታቱው እስኪሞላ ስጠብቅ የፏፏቴዋን ገጽ ከፈትኩት። ያለፈው እሑድ አንድ ሰው አግኝቷት ነበር። "ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ደረጃው ግን ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታል" ብሎ ጽፏል። የጻፈው እሱ ነው። በጨዋታው የሚጠቀምበትን ስም አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ከማታቱው ወረድኩ። መልሼ ደወልኩለትና የት ነህ ብቻ አልኩት። ሁልጊዜ የምንገናኝበት፣ አርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። ሁለት ማታቱ ቀያይሬ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቶብኝ ደረስኩ። ያ ሁሉ ጊዜ አላበረደኝም፤ በየፌርማታው የምለውን እየጨመርኩ ነው የሄድኩት።

ለሁለታችንም ጥብስ አዝዞ ጠበቀኝ። አልተቀመጥኩም። ስልኬን ከፊቱ አስቀመጥኩለት።

"እሑድ የት ነበርክ?" አልኩት።

አየው። ለመካድ አልሞከረም። "መንገዱን ላይልህ ሄጄ ነው" አለኝ። "ትችለው እንደሆነ ልይ ብዬ። ደረጃውን አንድ በአንድ ቆጠርኩልህ። መያዣ የለውም፣ ጭቃ ነው።"

"ማን ቁጠርልኝ አለህ?"

ያኔ ነው ስለ ኢስትሊ ያነሳብኝ። በዝናብ ወቅት ከምንኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ወድቄ፣ ራሴን ስቼ፣ አዝሎኝ እስከ ክሊኒክ ሮጦ ነበር። እጁ ላይ የምሞትበት መስሎት እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ እኔን ደረጃ ላይ ባየ ቁጥር ያ ቀን ፊቱ ድቅን እንደሚልበት ነገረኝ። ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴን ይበላው ነበር። ያን ዕለት ግን ይበልጥ አናደደኝ። የወደቅኩት እኔ፣ ተነስቼ የረሳሁትም እኔ፤ እሱ ግን እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከጀርባው አላወረደኝም።

"አልችልም ማለት የእኔ ፋንታ ነው" አልኩት። "ብትጠይቀኝ ምናልባት ራሴ እልህ ነበር። አንተ ግን እኔን ከመጠየቅ መዋሸት ቀለለህ።"

አስተናጋጇ ጥብሱን ይዛ መጣችና ሁኔታችንን አይታ አስቀምጣ ሄደች። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ደኑ በር ላይ እንደምገኝ፣ መምጣት አለመምጣት የራሱ ጉዳይ እንደሆነ ነግሬው ሳልበላ ወጣሁ።

ቅዳሜ ክራንቼን ጭኔ ላይ አጋድሜ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ስደርስ ቀድሞኝ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ሰላምታችን ደረቅ ነበር። በደህናው መንገድ ላይ ብዙም ሳንነጋገር ተጓዝን። ደረጃው ጋ ስንደርስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከባድ ነበር። ክራንቼ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረኝ። የባሱትን ደረጃዎች ቁጭ ብዬ በመቀመጫዬ ወረድኳቸው፤ ሱሪዬ በጭቃ ተለወሰ። ሁለቴ እጁን ዘረጋልኝ።

"እጅህን ሰብስብ" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከትቶ ከኋላዬ ወረደ።

የተደበቀችበትን ስለሚያውቅ ፊቱን አዙሮ ድንጋይ ላይ እንዲቀመጥ አዘዝኩት። ታዘዘ። የፏፏቴው ጭስ እየነካኝ፣ ድንጋዩንና የዛፉን ሥር እየዳበስኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለግኩ። በመጨረሻ ሁለት ሥሮች መሐል የተወሸቀች፣ ቅርፊት የተለጠፈባት የፕላስቲክ ዕቃ እጄ ገባች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱን ስዘረጋው ግን መጨረሻ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው። ከሱ ሥር መጻፍ አልዋጥልህ አለኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ።

መውጣቱ ከመውረዱ ባሰ። እኩሌታው ላይ ክንዶቼ ዛሉ። ቆም አልኩና ወደኋላ ዞሬ "ትከሻህን ስጠኝ" አልኩት። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ይዤው ወጣሁ። ላይ ስንደርስ ለቀቅኩት። ሌሎቹን ቦታዎች ያን ቀን አልሄድንባቸውም፤ ሁለታችንም ደክሞን ነበር። እየነዳ ቤቴ አደረሰኝ፤ ይቅርታ የጠየቀኝም መኪናው ውስጥ ነው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

አሁንም አብረን እንወጣለን። ዝርዝሩን ሳይቀንስ ሁሉንም ይልክልኛል፤ የምመርጠው እኔ ነኝ። አንዳንዴ ጥያቄው ይበዛል፤ ይህ ዳገት አለው፣ ያኛው ድልድዩ ጠባብ ነው፣ ምን ትላለህ ይለኛል። ያሰለቸኛል፣ ግን እመልስለታለሁ። ስለ ውሸቱ ሙሉ በሙሉ ይቅር ብየዋለሁ ብል እኔም መዋሸቴ ነው። ያን እሑድ ብቻውን ፏፏቴው ሥር ቆሞ፣ እኔ እዚያ እንደማልደርስ ሲወስንልኝ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ቢደውልም ስልኩን አላነሳም።