የአባቴ ጓደኛ ሸሚዝ

የሚያብረቀርቅ ነገር አልወድም። ይህን የምትናገረው ጥፍር እየቀባች እንጀራዋን የምትበላ ሴት መሆኗ ያስቃል፤ ግን እውነቴን ነው። መቱ ውስጥ የውበት ሳሎን አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሴቱ አብለጭልጪልኝ እያለ እጁን ይዘረጋልኛል፣ እኔም አብለጨልጫለሁ። ቤቴ ስገባ ግን የሚያበራ ነገር ማየት ያንገሸግሸኛል። ስለዚህ አባቴ ያንን ወታደር ቅቢልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የወሰንኩት ቀለሙ እንዳያብረቀርቅ ነው።

ነገሩ የመጣው ከስልኬ ነው። አንድ ፈረንጅ አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ወታደር በቀጭን ብሩሽ ሲቀባ እያየሁ ነበር፤ የልብሱን እጥፋት፣ የጉንጩን ጥላ ሳይቀር ያወጣዋል። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። "ጥፍር ላይ አበባ የምትስል ልጅ ይሄ አያቅታትም" አለ። ቀጥሎም፣ "እሱን ትሠሪልኛለሽ?" አለኝ።

እሱ ማለት አብሮት ዘምቶ ያልተመለሰው ጓደኛው ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታ ታላቅ እህቱ ናት ያሳደገችው፤ ጎሬ ነው ያለችው። ወንድሟን በወታደር ልብስ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። አባቴ ዘንድ የነበረችውን የሱን አንዲት ፎቶ ደግሞ መንግሥት ሲቀየር እናቴ ፈርታ ከአባቴ ዩኒፎርም ጋር አቃጥላታለች። እህትየው በዚያ ሰሞን ታማ ከአልጋ እንደማትወርድ ሰምተን ነበር። "ሳትሞት ትየው" አለኝ አባቴ። እንዴት እምቢ ይባላል?

ወታደሮቹ ከመርካቶ በሳጥን መጡልኝ፤ ያልተቀቡ፣ ግራጫ ፕላስቲክ። እሱን የሚመስል ቁመናው ቀጠን ያለ አንዱን አባቴ መረጠ፣ ሌሎቹን ለመሞከሪያ አስቀረኋቸው። ደግ አደረግኩ። ቀለሙ ያሳየኝን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኛ ከተማ ቀለም ስትሉ የሚሰጣችሁ የበርና የመስኮት ቀለም ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ነገርኳቸው፤ ባለሱቁ ጋሼ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ትንሿን ጣሳ ፈልገው አወጡልኝ። ስከፍተው ሽታው አናቴን በረቀሰው። አንዱን መሞከሪያ ቀባሁት፤ ዓይኑም አፍንጫውም ተቀበረና ፊቱ ድፍን ሊጥ ሆኖ ቁጭ አለ። ደግሞ ማብረቅረቁ! ገና ከወንዝ የወጣ እንቁራሪት ይመስል ነበር። ወስጄ ጣልኩት።

ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደግሞ ተማሪዎች የሚሥሉበትን አክሪሊክ ገዛሁ። እሱስ በውሃ የሚሟሟ ነው፣ አያብረቀርቅም ብዬ። አንዱ ቱቦ ሲከፈት መጀመሪያ ውሃ ተፋ፣ ቀጥሎ የገማ እንቁላል ሸተተኝ። ስንት ዘመን ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ እንጃ። ያልገማው ደግሞ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይቦናል፤ በጣት ሲነኩት ዱቄቱ ይረግፋል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይሸጣል? እጄን ደጋግሜ ታጥቤ እንኳ ሽታው አልለቀቀኝም፤ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

በመጨረሻ ለዚሁ ሥራ የሚሆነውን፣ በጠብታ የሚወጣውን የትንንሽ ብልቃጥ ቀለም ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። እሱ ደህና ነው፣ አልዋሽም። ከአጥሚት አቅጥኖ፣ ስስ አድርጎ፣ እየደረበ ለሚቀባ ሰው እጥፋቱን ሁሉ ያሳያል። ግን የገላ ቀለም ነው ተብሎ የተላከልኝን ስከፍተው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሮዝ! ሥጋ ቤት የተሰቀለ ጮማ የመሰለ ሮዝ። ቀባሁት፤ የአባቴ ጓደኛ ቀርቶ ፀሐይ የለበለበው ቱሪስት ወጣልኝ። የሰው ልጅ ገላ እንዲህ ነው ብሎ ብልቃጥ ላይ የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው የምለውን አላጣም ነበር። ቡናማውን ከትንሽ ቀይና ከትንሽ ቢጫ ጋር እያዋሃድኩ ፊቱን ራሴ ፈጠርኩት።

ከዚያ ሸሚዙ። እዚህ ላይ አባቴ አሰቃየኝ። ብሩሹ ላይ ሲያየው "ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ በቃ ይሄው ነው" ይለኛል፤ በነጋታው "ይሄ ደግሞ የማነው?" ይላል። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። የብልቃጡም ቀለም አክሪሊክ ነው፤ አክሪሊክ ደግሞ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ እርጥቡ ሌላ፣ ደረቁ ሌላ። ይህን እስካውቅ ስንት ቀን ተኮራረፍን። በኋላ የዘይት ጀሪካን ቆራርጬ ቁራጮቹ ላይ እየቀባሁ፣ በሳሎኑ ፀጉር ማድረቂያ አድርቄ፣ በረንዳ ላይ በቀን ብርሃን አስመርጠው ጀመር። አንድ ቀን አረንጓዴ ነው ይላል፣ አንድ ቀን አፈር ነው ይላል። እኔ ደግሞ መልሼ መላልሼ አደባልቃለሁ። ጥርሴን ነክሼ።

አንድ ጠዋት ሳልጠይቀው፣ "ከኮሌታው ሥር አረንጓዴ ነበር፤ ትከሻው ላይ ግን ፀሐይ በልቶት የደረቀ የኮባ ቅጠል መስሏል" አለኝ። እንዲያ አድርጌ ሠራሁት። የከስክስ ጫማውን አፍንጫ ጭቃ አስነካሁት። አቧራ ለበሰ፣ ደከመው፣ ሰው ሆነ። አባቴ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው አየውና ወደ ጓሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀለም አንድም ቃል አልተናገረም።

ታላቅ ወንድሜን ግን ረስቼው ነበር። ሶፋና ቡፌ የሚሠራ ሰው ነው፤ በሱ ዓይን ቫርኒሽ ያልተቀባ ነገር ገና አላለቀም። ጎሬ ልንሄድ በተሰናዳንበት ቀን አባቴ ቤት ስደርስ ቀድሞኝ ደርሷል። ወታደሩ ቡፌው ላይ ቆሟል። ከቆቡ እስከ ጫማው በቫርኒሽ ተለቅልቋል። ጭቃው ተፍቆ ከስክሱ በጥቁር ቀለም ታድሷል።

"ሙሽራ አስመሰልኩት" አለኝ ወንድሜ።

"ወንድም ጋሼ፣ ማን ንካው አለህ?"

"የታመመች ሴት ጋ አቧራ የለበሰ ሰው ይዘን ልንገባ ነው? ሰው ምን ይላል?"

ሰው ምን ይላል። ይህቺን ቃል ስሰማ የበላሁት ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ያ ሰው ተመልሶ እንቁራሪት ሆኗል፤ እላዩ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ይጨፍራል። ቫርኒሹን ላስለቅቅ ብል የኔም ቀለም አብሮ ይሄዳል። ለወንድሜ ያወጣሁት ቃል ጥሩ አልነበረም። አባቴ ግን ወታደሩን በመሐረብ ጠቀለለና "እንሂድ" አለ።

ሚኒባስ ተሳፈርን። የቫርኒሹ ሽታ መሐረቡን አልፎ ይመጣል፤ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ክፈቱ ይላል። ወንድሜ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ቀብረር ብሏል። ጎሬ እስክንደርስ እሱን ላለማየት ፊቴን ወደ ውጭ እንዳዞርኩ ነበር።

የጓደኛውን እህት፣ እትዬን፣ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ አገኘናት። አባቴ እግሯ ሥር ተቀመጠ። የወንድሟን አሟሟት ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚነግራት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ጥይት፣ ሳይሠቃይ፤ ዛፍ ሥር በገዛ እጄ ቀበርኩት እያለ። እኛም ልጆቹ ከዚህ ሌላ የምናውቀው አልነበረም።

መሐረቡን ፈትቶ ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ፊቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ቆቡን በጣቷ ዳሰሰችና አባቴን ቀና ብላ አየችው።

"ምነው ልብሱ ርሶ የለም እንዴ?" አለች። "ዝናብ ነበር?"

ወንድሜ ቫርኒሽ ነው ሊል አፉን ከፈተ። አባቴ ቀደመው።

"ዝናብ ነበር፣ እትዬ" አለ። "ቆስሎ ወድቆ ነበር። ይጠራኝ ነበር። ተመልሰን አላነሳነውም። እዚያው ዝናቡ ላይ ነው የቀረው።"

ወንድሜ ጫማውን ያያል። እኔ አባቴን ማየት አልቻልኩም፤ ያ ሁሉ ዘመን በአንድ ቤት ሲያሳድገን ይህን ይዞ ነው የኖረው።

እትዬ አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ሳበችና ወታደሩን ታብሰው ጀመር። ትከሻውን አበሰች፣ ጀርባውን አበሰች፣ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፤ ያው ያበራል። እፍ አለችበትና እንደገና አበሰችው።

አባቴ እጇን ያዘ።

"ይተዉት፣ እትዬ" አላት። "አይደርቅም።"