ከጋሽ ሙላቱ ቆብ ሥር

እኔ ዓብዱልባሲጥ፣ አሶሳ ገበያው ጀርባ ጸጉር ቆራጭ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት የሰው ራስ ስይዝ ፈርቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን የሱቄ አከራይ ጋሽ ሙላቱ ቆባቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ምላጩን ማንሳት እፈራለሁ።

ባለፈው ወር ምላጩ ሳተኝና ጆሯቸውን ቆረጥኳቸው። ደሙ አንገታቸው ላይ እየወረደ እሳቸው ስለ ዘንድሮ ማንጎ ያወራሉ! ጭራሽ አልተሰማቸውም። ጆሯቸውን ዳበስኩት፤ ወፍሯል፣ አብጧል። የአክስቴ ባልም እንዲህ ነበር የጀመረው፤ የሥጋ ደዌ መሆኑ የታወቀው ጣቶቹ ካለቁ በኋላ ነው።

ጋሽ ሙላቱ ደሙን በመስታወት አዩና ደነገጡ። "ለማንም እንዳትተነፍስ" ብለውኝ ቆባቸውን እስከ ጆሯቸው ጎትተው ወጡ።

በማግስቱ መምህር ደባልቄ ሊላጭ መጣ። የሱ ወሬ አይጣል ነው! በዚያ ቀን ደግሞ የድሮ ግሪኮች ተረት አመጣብኝ። የፍርግያ ንጉሥ ሚዳስ የአህያ ጆሮ በቅሎበት በቆብ ይሸፍናል፤ የሚያውቀው ጸጉር ቆራጩ ብቻ ነው። ቆራጩ ምስጢሩ ሆዱን ሲነፋው ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ተናገረና ደፈነው። በላዩ የበቀለው ሸምበቆ ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የንጉሡን ጆሮ ለአገር አወራ።

"ቆራጩስ ምን ሆነ?" አልኩት።

"እሱን እንጃ" ብሎ ሳቀ። ወላሂ፣ ግማሽ ጺሙን ትቼ ላባርረው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። ባወራ ከተማው ጋሽ ሙላቱን ይሸሻቸዋል፣ እኔም ሱቄን አጣለሁ። ዝም ብል ጣታቸው ያልቃል፤ ያውም መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ በነጻ ተቀምጦ! ለራሴም ፈራሁ። እጄን ቆዳው እስኪላጥ በበረኪና አጠብኩት።

ትናንት ጋሽ ሙላቱ መጡ። መጋረጃውን ዘጋሁና፣ ጉድጓድ ምን ያደርግልኛል፣ ለራሳቸው ጆሮ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ የሥጋ ደዌ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ይድናል። ጤና ጣቢያ አብሬዎት እሄዳለሁ።"

ከሱቄ ውጣ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዙኝ።

"ትንሿ ልጄ ትህትና ጆሮዬን ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም" አሉ። "ይዣት መጥቻለሁ፣ ውጭ ቆማለች። እባክህ ጆሮዋን እይልኝ።"