ለአባቴ የደረሰው ቃል

በረኪና ሲሸተኝ የአባቴ እህት ትመጣብኛለች። የበደለችኝ እሷ ናት፤ ታናሽ ወንድሜ ደሴ ሆስፒታል በተኛበት ዓመት፣ ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ። ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ወለሉን በበረኪና ልትወለውል ስትል፣ "እማማ፣ ሳያፍንሽ ወደ ደጅ ውጪ" አለችኝ። ወጣሁ። ሽታው ግን ተከትሎኝ ወጣ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ቆቦ ሜዳ ካለው ማሳችን ወፍ ሲጠብቅ ከማማው ላይ ወደቀ። እግሩን ወጌሻ አሰረው፤ ቁስሉ አመረቀዘና አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ደሴ ሲደርስ ሐኪሞቹ "ቶሎ አይወጣም" አሉ። እናቴ አብራው ቀረች፤ ከአልጋው ስር ሰሌን አንጥፋ ታድር ነበር።

አባቴ ስንቁን ይዞ በጭነት መኪና ደሴ ይሄዳል፤ ተመልሶ ሳያርፍ ማማው ላይ ይወጣል። ምግብ ሲቀርብለት "ልጄ ምን በልቶ ይሆን" እያለ ይገፋዋል። ሆዱን ይይዘው ጀመር። ኋላ ደም አስመለሰውና ተኛ። ወፉን ጎረቤት ይጠብቅለት ጀመር። "እናታችሁን ጥሩልኝ" አለን።

አክስቴ ተቆጣች። "ልጁን ጥላ ትምጣ? ብትሰማ እሷም እዚያው ትወድቃለች። ዝም በሉ፤ ኢንሻአላህ ይሻለዋል።"

በእኛ ዘንድ በሽተኛ ለሚያስታምም ሰው የቤቱ ህመም አይነገረውም። ሁሉም ትክክል ነች አላት።

ስንቁን ይዘን እኔና አክስቴ ሄድን። የጠዋት ፀሐይ በረጅሙ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ በረኪናው አይን ያቃጥላል። እናቴ ስታየን ልትነሳ ሞከረች። እግሯ አብጦ አልገባ ስላላት የኮንጎ ጫማዋን ከተረከዙ ቀድዳዋለች። ነርሷ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል ብላ ክኒን እንደሰጠቻት ነገረችን። "እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ከዚያ ከኋላችን በሩን አየች።

"ያ ሰውዬስ?"

"ማሽላው ደርሶ የለ? ወፍ ይጠብቃል" አለች አክስቴ።

"ከልጁ ወፉ ባሰበት? እንግዲያ ከወፍ ይውለድ በሉት!"

የክፍሉ አስታማሚዎች ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗን ግን ከበሩ አላነሳችም። እኔ እንዳልናገር አክስቴ ክንዴን ቆንጥጣ ይዛኛለች።

ቤት ስንገባ አባቴ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። "ልጄ እንዴት ነው? እሷስ ምን አለች?"

"ልጁ ይሻለዋል። ሚስትህ ደግሞ ከወፍ ይውለድ ብላሃለች።"

የእሱን ህመም ለእሷ ሸሽጋ የእሷን ቁጣ ለእሱ አመጣችለት። ለምን እንዳደረገችው ዛሬም አላውቅም። ምናልባት እናቴን ድሮም አትወዳት ነበር።

አባቴ "ደክሟት ነው" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ በኋላ እናታችሁን ጥሩልኝ አላለም። ማሽላው ሳይታጨድ አባቴ ሞተ።

ሞቱንም ደበቅናት። ወንድሜ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር አብረው መጡ። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ደጃችን ላይ ለመርዶ የተቀመጡትን ሰዎች ስታይ "ማን ነው የሞተው?" ብላ ጠየቀች። አባቴን በዓይኗ ፈልጋ አጣችው። ያንን ሁሉ ጊዜ ያቆማት እግር እዚያው ከዳት። ግማሽ አካሏ እንደማይታዘዛት ያወቅነው ከወደቀችበት ስናነሳት ነው።

አንደበቷ እየተሳሰረ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ነበር፤ "ያን ቃል ነገራችሁት?"

"አልነገርነውም" እላታለሁ።

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

አንድ ቀን ይህን ስትጠይቀኝ አክስቴ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። "ምን ያስዋሽሻል፣ እሱ እኮ..." ብላ ስትጀምር እጇን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋት። ዳግም እንዳትገባም ነገርኳት።

እናቴን እስክትሞት አስታመምኳት። የሞተች ቀን አክስቴ እያለቀሰች መጣች። በሩ ላይ ቆሜ "ተመለሺ" አልኳት። ተመለሰች። በሩን ዘጋሁና እናቴን ሊያጥቡ ለመጡት ሴቶች ውሃ ቀዳሁላቸው።