የድልድዩ ሱቆች የተፈቱ ዕለት

ነገሩ የደረሰው በሰባዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የበልግ ወቅት ነው። እህቴን ያተረፋት ሐኪም ብቻ እንዳልነበረ በዓይኔ ስላየሁ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ያን ጊዜ ከነጌሌ ቦረና ራቅ ብላ በምትገኝ አሮጌ የንግድ ከተማ አስተምር ነበር። የከተማዋ መኩሪያ ጥንታዊው የድንጋይ ድልድይ ነው። በሁለቱም ጠርዞቹ ላይ ትናንሽ ሱቆች ተደርድረው መካከሉን ለእግረኛና ለግመል ብቻ አስቀርተውታል። መኪና የሚሻገረው ከሥር፣ በደረቁ ወንዝ ነው። ሽማግሌዎቹ በድልድዩ ላይ ሱቅ እንዲሠራ ሲፈቅዱ አንድ ውል አስገብተዋል፤ ነፍስ የሚያድን ጉዳይ ሲመጣ መንገዱ ወዲያው እንዲለቀቅ። ስለዚህ ነጋዴዎቹ እንጨቱንና ቆርቆሮውን በገመድ ያስራሉ እንጂ ምስማር አይመቱበትም።

ውሉን ያላከበረው የእህቴ ባል በቀለ ብቻ ነበር። ከሰሜን መጥቶ ሱቅ ሲከፍት «ድንኳን አልሠራሁም» ብሎ በረጃጅም ምስማር አጠበቀው።

በዚያ ጠዋት እህቴ አልማዝ ምጥ ጠንቶባት ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ፅንሱ ስለተጋደመ ነጌሌ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም እንደማይተርፉ ነገረን። የጭነት መኪና አገኘን፤ ወንዙ ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር።

ወደ ድልድዩ ሮጬ፣ ነጋዴው ሁሉ የሚያከብራቸውን ሀጂ ኑርን አገኘኋቸው። ሰላምታ አስቀድሜ፣ የእህቴን ምጥ ነግሬ፣ ስለ ውሉና ስለ ሰብአዊነት በተስተካከለ ቋንቋ ማስረዳት ጀመርኩ። ሀጂ ክንዴን ያዙኝ።

«መምህር፣ ንግግሩን ለሚወለደው ልጅ ሰርግ አቆየው። ገመዱን ያዝ።»

ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ በኦሮምኛ ተጣሩ። ማንም ምክንያት አልጠየቀም። ስኳሩ፣ ሽርጡ፣ የባትሪ ድንጋዩ በየአንሶላው ተጠቅልሎ ተነሣ፤ ቆርቆሮው ወረደ፤ እንጨቱ ተፈታ። መኪናው አልማዝን ይዞ በዝግታ ገባ። ድልድዩን ሊያጋምስ ሲል ግን ቆመ። ከበቀለ ሱቅ ፊት ደርሶ ነበር።

በቀለ ምስማሩን በጣቱ ሊነቅል ይታገላል። ጎረቤቱ ጉዮ ከሚሸጣቸው መጥረቢያዎች አንዱን መዝዞ አቀበለው።

«አያ በቀለ፣ ድንኳን አይደለም ብለኸን አልነበር? በል ምታው።»

በቀለ እያለቀሰ ሳቀ። የገዛ ሱቁን በገዛ እጁ ሰባበረው፤ ዕቃው ወደ ወንዙ ሲወድቅ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ስናልፍ ከግራና ከቀኝ «ናጋ፣ ናጋ» እያሉ በኦሮምኛ ሰላም ተመኝተው ሸኙን። ነጌሌ እንደደረስን እህቴ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች።

ሰው ለሰው ስላለበት ግዴታ የሚተነትኑ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። እኔ ግን ያን ግዴታ በሥራ ላይ ስላየሁት አንዳችም ጥርጣሬ የለኝም። ያቺ ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት በእግሯ ስትሻገር፣ ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን ሰብሰብ እያደረጉ መንገድ ይለቁላታል።