ልጁ ከነጋቢው ስድስት ከሩብ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ማርታ ከቱሉ ዲምቱ ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንባ እንባ ይል ነበር። «እማማ፣ ልጄ የጠባውን ሁሉ ይመልሰዋል። የሱም የኔም ልብስ አልቋል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ረጅም ወሬ አይሆንልኝም፤ «መጣሁ» አልኳትና ነጠላዬን ጣል አድርጌ ከአቃቂ በሰቃ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስንት ሰዓት እንደፈጀብን አትጠይቁኝ። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁ። በሩ ሲከፈት ከሰው በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የረጋ ወተት፣ ኮምጠጥ ያለ። ወይ ጉድ! ከሃምሳ ዓመት በኋላም ወዲያው አወቅኩት።

ያንን ሽታ ያስተዋወቀኝ የመጀመሪያ ልጄ ዳንኤል፣ የማርታ አባት ነው። ያኔ ባቡሩ እየጮኸ በአቃቂ ያልፍ ነበር። ባለቤቴ ተሾመ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ስለነበር፣ ከጣቢያው ጀርባ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች አንዷ ክፍል ደርሳን ነበር። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሞጆ ወርዶ ሀዲድ ላይ ነው የሚሰነብተው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ቢል ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አማቴ እትዬ ብዙነሽ ሊያርሱኝ ከአገር ቤት መጡ። ብርቱ ሴት ነበሩ፤ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፣ አፋቸውም እንደዚያው።

ዳንኤል የተወለደው ሰኔ ሊገባደድ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት የማስታውሰው በእርጥብ ጨርቅ ነው። ጠብቶ ሳያበቃ ይመልሰዋል። በአፉ፣ በአፍንጫው፣ በአንገቱ እጥፋት፣ በደረቴ ላይ። አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ ዝናብ ይመጣል፣ አነሳለሁ። የአቃቂ ጭቃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጫማ ይነጥቃል። ጨርቁን ከሰል ላይ ሳደርቅ ቤቱ በሙሉ ወተት ወተት ይሸታል። እትዬ ብዙነሽ አጥሚት በትልቅ ጣሳ እየሰጡ «ጠጪ፣ ጡትሽ ይሙላ» ይሉኛል፤ እኔ የሞላውን አጠባለሁ፣ እሱ ይመልሳል።

አሁን ሳስበው ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር። እሳቸው በየማለዳው ለጋ ቅቤ በጣታቸው ያስውጡታል፤ አንጀቱን ያለሰልሳል ተብሎ። እኔ ደግሞ ልክ እንደመለሰ «ሆዱ ባዶውን ቀረ» ብዬ እንደገና ጡቴን አጎርሰዋለሁ። ከዚያ ሁለታችን ተጋግዘን ወዲያው በአንቀልባ ጀርባዬ ላይ ጥፍር እናደርገዋለን። እኔ ጎንበስ ብዬ ጨርቅ ሳሽ የሱ ሆድ ይጨመቃል። እንግዲህ ወተቱ የት ይሂድ?

አንድ ሐሙስ እትዬ ብዙነሽ ልጁን ብርሃን ላይ አውጥተው አፉን ከፍተው አዩትና ፈረዱ።

«እንጥሉ ወርዷል። ይቆረጣል። ከማዶ መንደር አንድ አዋቂ ሽማግሌ አሉ፣ ለቅዳሜ ልኬባቸዋለሁ።»

«እትዬ፣ እንዲህ ለሚያህል ልጅ ስለት?»

«ተሾመንስ አስቆርጬ አይደል ለዚህ ያበቃሁት!»

ልጅ ነኝ፣ እናቴ በሕይወት የለችም፣ ባሌ ሞጆ ነው። በማግስቱ ግን ውኃ ልቀዳ ነው ብዬ ልጄን አዝዬ ወደ ጣቢያው ሕክምና ክፍል ሄድኩ፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ድሬሰር የሚባለው የጤና ረዳት በባቡር እየመጣ ሠራተኛውን ያክም ነበር፤ ያ ቀን ተራው ነው። ወጣት ነው፣ ግን የተረጋጋ። የዳንኤልን ሆድ ነካካ፣ ሽንቱን ጠየቀኝ፣ የትውከቱን መልክ ጠየቀኝ።

«እንጥሉ ምንም አልሆነ። የሆዱ በር ገና አልጠነከረም፤ ሲያድግ ይተወዋል። ቅቤውን አቁሚ። ጥቂት ጥቂት አጥቢው፣ ከጠባ በኋላ እስኪያገሳ ትከሻሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ወዲያው አትዘዪው። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለው፣ ርቆ ከተወረወረ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ግን ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው።»

«አማቴ አያምኑኝም» አልኩት።

«እንግዲያው ሚዛን ይመስክር። ልጁ እየተፋም ክብደት ከጨመረ፣ የሚበቃው እየቀረለት ነው።»

የድሬሰሩ ሚዛን የትልቅ ሰው ነው። የሕፃን ሚዛን በሰፈራችን ያየ የለም። በጣቢያው የነበረው የጭነት ሚዛን ነው፣ ጋሽ ቶሎሳ የሚጠብቁት። ጋሽ ቶሎሳ ከዚያው ከአቃቂ ገበሬ ቤት ተወልደው ባቡር ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፤ የጤፍ ጆንያም ይሁን የዶሮ ቅርጫት በሳቸው ሚዛን ሳያልፍ ፉርጎ ላይ አይወጣም። ነገሬን ሰምተው ሳይስቁብኝ ሚዛኑን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት። ዝናብ ስለነበር ዳንኤልን በተሾመ ወፍራም ጋቢ ጠቅልዬው ነበር። «ከነጋቢው ስድስት ኪሎ» አሉና ቁጥሩን ብቻ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉልኝ።

ቤት ገብቼ ስናገር አማቴ ደረታቸውን መቱ።

«ልጅ ይመዘናል? እንደ ጆንያ! ዓይን ውስጥ ከተትሽው እኮ!»

ያን ቀን ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡኝ። ካልጨመረ እኔው ራሴ ይዤ አፉን አስከፍታለሁ» አልኳቸው። ቃሌ ከአፌ እንደወጣ ፈራሁት። እሳቸው «በይ፣ አንድ ሳምንት» አሉና የሽማግሌውን ቀጠሮ ከማግስቱ ቅዳሜ ወደ ተከታዩ አዛወሩት።

ሳምንቱን እንዴት እንደገፋሁት! ጥቂት አጠባለሁ፣ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ፣ ጀርባውን ቸብ ቸብ፣ እስኪያገሳ ቤቷን እዞራለሁ። አሁንም ይመልሳል፤ ግን በጥቂቱ። እትዬ ብዙነሽ ቅቤውን ከመደርደሪያ ሳያወርዱ ያጉረመርማሉ። አንድ ከሰዓት ደክሞኝ ጋደም ብዬ ዓይኔን ስገልጥ፣ ልጁን ትከሻቸው ላይ ቀጥ አድርገው ይዘው ጀርባውን ቸብ ቸብ ሲያደርጉት አየሁ። የተኛሁ መስዬ ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

የቀጠሮው ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌው በጠዋት መጥተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስለታቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ አለ። ለነሐሴ የማይገባ ፀሐይ ወጥቶ ነበርና ዳንኤልን በነጠላ ሸፍኜ ወጣሁ። አማቴም ተከተሉኝ። ጋሽ ቶሎሳ ልጁን አስቀምጠው የሚዛኑን ብረት ገፋ፣ መለስ አደረጉት። ፊታቸው ጠቆረብኝ።

«አምስት ከሩብ» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ብዙነሽ «አላልኩም?» አላሉም፤ እንዲያውም ማዶ ማዶ ማየት ጀመሩ። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ልጄን አንስቼ ደረቴ ላይ ለጥፌ አለቀስኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እንኳ ድምፄን አልቀነስኩም፤ ጣቢያው ሙሉ ሰው ያየኛል።

ጋሽ ቶሎሳ ግን ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፉትን አተኩረው እያዩ ነበር። «ቆይ ቆይ... ባለፈው በምን ጠቅልለሽ ነበር ያመጣሽው?»

«በጋቢ...» ብዬ ሳልጨርስ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ወደ ቤት ሮጡ። ጭቃ ለመሻገር እጅ ለእጅ ካልተያያዝን የሚሉት ሴት! አንድ ጫማቸውን ጭቃው ውስጥ ትተው በባዶ እግራቸው ጋቢውን ታቅፈው ተመለሱ። ነጠላውን ገፈው ልጁን ራሳቸው ጠቀለሉት፣ ራሳቸው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። ብረቱ ተገፋ፣ ተገፋ፣ ቆመ።

«ከነጋቢው ስድስት ከሩብ! ዋቅኒ ሲፍ ሃ ጉዲሱ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። እግዜር ያሳድግልሽ ማለታቸው ነው። ዓይን ይገባዋል ሲሉ የሰነበቱት አማቴ በአደባባይ፣ በተጓዡ ሁሉ ፊት እልልታቸውን አቀለጡት። ዳንኤልም ደስታችንን ሰምቶ ነው መሰል ጋቢው ላይ ትንሽ መለሰ።

አማቴ ሽማግሌውን ምሳ አብልተው በምርቃት ሸኟቸው። ከሸኙ በኋላ ግን እትዬ ብዙነሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና፣ ልጁን እያቀፉ፣ ተሾመም የማያውቀውን ነገር ነገሩኝ።

«ከተሾመ በፊት አንድ ነበረኝ። እሱንም አስቆርጬው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዓይን በላው አሉኝ፣ እኔም ዓይን ነው ብዬ ኖርኩ። እንጥል ነው ብዬ አይደለም ያስቸኮልኩሽ፣ ልጄ። ይኼኛውም እንዳያመልጠን ፈርቼ ነው።»

ያን ዕለት አብረን አለቀስን። ከዚያ በኋላ አማቴ አልነበሩም፣ እናቴ ናቸው። ዳንኤል መመለሱን ያቆመው ቆሞ መሄድ ሲጀምር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን በየቅዳሜው በዚያው ጋቢ ተጠቅልሎ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ተሸካሚዋ እሳቸው ነበሩ።

ማርታን ጤና ጣቢያ አስመዝናው እንደሆነ ጠየቅኳት። «እየጨመረ ነው ብለውኛል» አለች። «እንግዲያማ ምን ያስለቅስሻል!» ብዬ ልጁን ተቀበልኳትና ትከሻዬ ላይ ቀጥ አድርጌ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረግኩ። አገሳ። ከዚያ ንጹሑን ነጠላዬን አጥምቆልኝ ተኛ።

አመሻሽ ላይ ዳንኤል መጣ። ደረጃውን ወጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሶፋው ላይ ዘፍ አለና ሲያማርር ሰማሁት። «ሐኪሙ ክብደት ቀንስ አለኝ። ቢያንስ አሥር ኪሎ።» መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። «ምን ነካሽ እማዬ?» አለኝ ደንግጦ። ጋሽ ቶሎሳም እትዬ ብዙነሽም አፈር ከበላቸው ቆይቷል። ያቺን ሩብ ኪሎ ሲያገኝ የፈነደቁለት ሁለቱ ሰዎች ይህንን ሰውዬ ቢያዩት ብዬ ነው።