ዛሬ ቅቤ የለም

ካራ የሚኖሩት እማማ ታማሚ ላማቸውን ቅዳሜ ለሥጋ ነጋዴ ሊሰጡ ተስማምተው ነበር። የኋላ ቀኝ ጡቷ አብጦ ወተቱ እየተቋጠረ ይወጣል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተወግታ አልተሻላትም። ማክሰኞ ዕለት የእንስሳት ክሊኒካችን ዶክተር «ጀርሙን ሳናውቅ ሦስተኛ መርፌ አንወጋም፤ ሂጂና ወተት አምጪ» ብሎ ላከኝ። ክሊኒኩ የካ ሚካኤል አካባቢ ነው፤ ላቦራቶሪውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ካራ ደርሼ ጡቱን አጥቤ አደረቅሁ፤ ጫፉን በአልኮል ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ሊነካው አይገባም። የናሙናውን ጠርሙስ ለማውጣት ዞር ስል እማማ ከጣሳቸው ቅቤ ቆንጥረው ጡቷን ቀቡት።

«ስትታለብ እንዳያማት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሰው የገዛ ላማቸውን ሲነኩ ምን ልበል? ዝም ብዬ ወተቱን ተቀበልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጀርም የምናበቅልበትን ሳህን ስከፍት ነጩም፣ ቢጫውም፣ ግራጫውም በቅሏል። አንዱማ ተንፏቆ ግማሹን ሳህን ሸፍኖታል። ዶክተሩ በትከሻዬ በኩል አየና «ይሄ ወተት ነው ወይስ ሾላ ገበያ?» አለ።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ ላሟን ያሳመማት የትኛው እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለ ቅቤው ነገርኩት።

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«አፈርኩ።»

«ታዲያ ላሟ በይሉኝታሽ ትታረድ?»

ዛሬ አዲስ ናሙና ከመጣ ጀርሙ ነገ ይበቅላል፤ የሚገድለው መድኃኒት ዓርብ ይታወቃል። ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበረንም። ወዲያው ወደ ካራ ተሳፈርኩ፤ መንገዱን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር በልቤ ስለማመድ ሄድኩ። ጡቱን ጠርጌ ስጨርስ እማማ እጃቸውን ወደ ጣሳው ሰደዱ።

«እማማ! ይቅርታ፣ ዛሬ ቅቤ የለም!»

ካሰብኩት በላይ ጮኬ ነው መሰለኝ ላሟ ራሷ ዞራ አየችኝ። እማማ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ይቺ ልጅ ለካ ድምፅ አላት! ትናንት ዲዳ መስለሽኝ አዝኜልሽ ነበር።» እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ላሟን በኦሮምኛ ያወሯት ጀመር። የመጀመሪያውን ወተት ደፍቼ ቀጣዩን በጠርሙሱ ተቀበልኩ።

ሐሙስ ሳህኑ ላይ የበቀለው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ክብ፣ ወርቅማ፣ ሁሉም አንድ እናት የወለደቻቸው የሚመስሉ። ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ሐምራዊ ሆነዋል። አዲስ ሳህን ላይ ዘርቻቸው መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ወረቀቶች ደረደርኩባቸው። ዓርብ ጠዋት ላሟ በተወጋቻቸው በሁለቱ መድኃኒቶች ዙሪያ ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። በሌላ አንድ ወረቀት ዙሪያ ግን ምንም ያልበቀለበት ሰፊ፣ ጥርት ያለ ክብ አለ። «ተገኘ!» ብዬ ስጮህ ዶክተሩ ከነጓንቱ እየሮጠ መጣ።

ለእማማ ደወልኩላቸው። «ነጋዴውን አሁኑኑ አስቀረዋለሁ» አሉ፤ ዶክተሩም በዚያው ቀን ሄዶ ሕክምናውን ጀመረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መዳኗን የሚያረጋግጥ ናሙና ልወስድ ስሄድ እብጠቱ ጠፍቷል። አፌን ሳልከፍት እማማ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። ስሰናበታቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሰጡኝ።

«ለእሷ ከከለከልሽኝ ለፀጉርሽ ይሁን።»

በማግስቱም በዚያ ማግስትም አዲሱን ወተት የዘራሁበትን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አገላብጬ አየሁት። ምንም አልበቀለበትም።